ፍልሰታ በፓሮስ

ከኦክላንድ የግሪኮች ደሴት ፓሮስ ድረስ የበረርኩት ባሕር ናፍቆኝ አይደለም፤ ባሕር እኛም ጋ ሞልቷል። ሦስት ፍልሰታ ብቻዬን ጾሜ ብቻዬን ስለፈታሁ፣ ግሪኮችም ኦርቶዶክስ ስለሆኑ፣ ዘንድሮ ከሕዝብ ጋር ልጹም ብዬ ነው።

በደረስኩ ማግስት፣ ኦገስት አስራ አምስት፣ ከአንድ ሱቅ ነጠላ ጫማ ገዝቼ ወደብ ዳር ያለ ምግብ ቤት ገባሁ። በየጠረጴዛው የበግ ጥብስ!

"ጾም አይደለም እንዴ?" አልኩት አስተናጋጁን።

"ትናንት አለቀ። ዛሬ የእመቤታችን በዓል ነው!"

ለካ ቀድመውን ነው የሚጀምሩት። እኔ ገና ሰባት ቀን ይቀረኛል። ኮዲንግ ያለ አስተማሪ የተማርኩት ጉደኛ፣ ካሌንደር ማየት አቃተኝ!

አጠገቤ ካለው ቤተሰብ አንዲት አሮጊት በእጃቸው ጠርተው አስቀመጡኝና ሳህን ሙሉ ሥጋ አቀረቡልኝ። ሳን ሆዜ ላለችው ጓደኛዬ ለወንጌላዊት ኮል አደረግኩ።

"ብይው እንጂ፣ አንቺ ግትር! እዚያ ማን ያይሻል?"

"ማንም" አልኳትና ዘጋሁት።

እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አሮጊቷን አመስግኜ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ዳቦና ቲማቲም አዘዝኩ። ሙዚቃው ሲጀመር አንድ ሰውዬ መጥቶ ፊት ለፊቴ ያለውን ባዶ ወንበር መደገፊያ ያዘ።

"ሰው አለው?"

"የለውም፣ ውሰደው።"