የኮርኒስ ቀኝ ትከሻ

«ካንሰር ቢላ ሲያይ ይበረግጋል፤ በርግጎ መላ ሰውነት ውስጥ ይበተናል» አሉ የበሽተኛዋ አክስት። ይህንኑ ከጠዋት ጀምሮ ለነርሷ፣ ለጽዳት ሠራተኛዋና በጎን አልጋ ለተኛችው ሴትዮ ነግረዋል። አሁን ደግሞ ቀዶ ሐኪሟ ፊት ደገሙት።

ሐኪሟ የበሽተኛዋን አንገት መዳሰሷን አላቋረጠችም።

በሽተኛዋን የሥራ ባልደረቦቿ «ኮርኒስ» ይሏታል። ቀለም ቀቢ ናት። ወንዶቹ አንገታችን ደረቀ እያሉ የሚሸሹትን ጣሪያ እሷ ሮለሯን ረጅም እንጨት ላይ ሰክታ፣ ክንዷን ሽቅብ ዘርግታ ቀኑን ሙሉ ትቀባዋለች። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ሊያሾፉ ነበር፤ እሷ ግን እንደ ማዕረግ ተቀበለችው።

«ካንሰር የተገኘበት የእንቅርት ዕጢ ነገ በሙሉ ይወጣል። ከሥሩ ያሉትን ንፍፊቶችም አብሬ አነሳለሁ፤ በዚህ ክርክር የለም» አለች ሐኪሟ። «ጥያቄው በአንገትሽ ቀኝ ጎን ያለችው ይቺ ንፍፊት ናት። አልትራሳውንዱ ላይ አላማረችኝም። ከእሷ በመርፌ የወሰድነው ናሙና ውጤትስ?»

ሁሉም ወደ ታላቅ ወንድሟ ዞሩ። ናሙናውን የግል ላቦራቶሪ ያደረሰው እሱ ነው፤ ውጤቱን እንዲያመጣ የተላከውም እሱ።

«አልደረሰም። ማሽኑ ተበላሽቷል አሉኝ» አለ ጫማውን እያየ።

«እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ጎኑን ሳልነካ መከታተል ነው፤ ኋላ በሽታ ከተገኘ እንደገና ይከፈታል። ሌላው የቀኝ ጎኑን ንፍፊቶች ነገውኑ ጠርጎ ማውጣት ነው። ግን ትከሻን የሚያነሳው ነርቭ በዚያ ያልፋል። ብጠነቀቅም ክንድሽ ወደ ላይ አልወጣም ሊል ይችላል።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ለወራት። አንዳንዱ ሰው ላይ ለሁልጊዜ።»

«ውጤቱን ብንጠብቅስ?»

«የነገው ተራ ካለፈሽ ቀጣዩ ከሦስት ወር በኋላ ነው። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ጎኑን አላስነካም ነበር። አስቢበትና ከሰዓት ንገሪኝ።»

ኮርኒስ እንኳ ለደንበኞቿ ምርጫ ስትሰጥ ቀለሙን ግድግዳ ላይ ቀብታ ታሳያለች።

ሐኪሟ ስትወጣ ቀኝ ክንዷን ወደ ጣሪያው ዘረጋች። ጣሪያው ውሃ ሰርጎበት ቢጫ ሆኗል።

«ፍሳሹን ሳይደፍኑ ነው የቀቡት፤ ሌባ ሁላ!» አለች። ቀጥላም «ጋሼ፣ አይነካ ልበላት?»

«ይጠረግ! አንዲትም እንዳትቀር!» አለ ወንድሟ።

«ትከሻው ያንተ ይመስል!»

«ግድግዳ ትቀቢያለሽ፣ በር ትቀቢያለሽ። ጣሪያ ለጣሪያ ካልሄድሽ አይሆንልሽም? ድመት ነሽ?»

«ግድግዳማ ማን አቃተው?»

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!» አሉ አክስቷ። «ቢላ ሲያይ እኮ...»

«እትዬ፣ በቃዎት!»

ኮርኒስ ደነገጠች። ወንድሟ ታላቅ ሰው ላይ ሲጮህ ሰምታ አታውቅም። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው፤ በቀብሯ ቀን እንኳ አላለቀሰም። አሁን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አንቺን መቅበር አልችልም» አለ ቀስ ብሎ።

ከሰዓት በኋላ ነርሷ የስምምነት ቅጹን አመጣች። ኮርኒስ «ቀኝ ጎን ይጠረግ» ከሚለው ሥር ፈረመች።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ በአራተኛው ቀን ሐኪሟ «እስቲ ክንድሽን አንሺ» አለቻት። ክንዷ ደረቷ ትክክል ሲደርስ ቆመ። ጥርሷን ነክሳ ገፋችው። የሰው ክንድ ይመስል እምቢ አላት።

«ነርቩ አልተቆረጠም፤ ግን ተጎድቷል። የእንቅስቃሴ ሕክምና ትጀምሪያለሽ» አለች ሐኪሟ፤ ከዚያም ወደ ወንድሟ ዞረች። «ያ የናሙና ውጤት ለመዝገቡ ያስፈልገኛል።»

ወንድሟ ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ከቀዶ ጥገናው ሁለት ቀን በፊት ነው የሰጡኝ» አለ።

«ምን?» አለች ኮርኒስ። «ደብቀኸኝ ነው?»

«በሐኪም ቋንቋ ነው፤ ማንበብ አልቻልኩም። ግን ሙሉ ገጽ ነው። ደህና ቢሆን ይሄን ሁሉ ይጽፉ ነበር? ደህና ነገር በአንድ መስመር ያልቃል ብዬ... ወደ ቀዶ ጥገናው በፍርሃት እንዳትገቢ ብዬ ነው፣ እህቴ።»

ሐኪሟ ወረቀቱን ዘርግታ አነበበች። ያ ሁሉ ጽሑፍ ናሙናው እንዴት እንደተወሰደ፣ እንዴት እንደተቀለመና በምን እንደታየ የሚዘረዝር ነበር። ውጤቱ ከግርጌ ነው፤ አንድ መስመር። በቀኝ ጎኗ ንፍፊት ውስጥ የካንሰር ሕዋስ አልተገኘም ይላል።