በቀበሌ መዝገብ የተወለደች ልጅ

ወልዳ የሰጠች ሴት፣ ልጇን ከሰባት ዓመት በኋላ ብታያት ምን ትላለች? ይህን ለራሴ ስጠይቅ ከረምኩ። ለንስሐ አባቴ ባዋያቸው «እግዜር ያውቃል» አሉኝ። እግዜር ማወቁንማ መች አጣሁት፤ ያስጨነቀኝ የሴትየዋ ልብ ነው።

ነገሩ የተነሳው በ1988 ጥቅምት ላይ ነው። ልጄ ፅጌረዳና ባሏ ላቀው ምስጢርን በሕግ ልጃችን እናድርጋት አሉ። ምስጢር ሰባት ዓመቷ ነው። ፅጌረዳ ከሁለት ወሯ ጀምሮ አሳደገቻት እንጂ አልወለደቻትም። የወለደቻት ቡዜ የምትባል፣ ነፋስ ስልክ ካለው ቤታችን ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይታ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ነበረች። ያስረገዛት ወታደር ስሙን እንኳ በቅጡ ሳይነግራት ዘምቶ ቀረ። እሷም አሰብ ወደብ ሥራ አለ ሲሏት፣ ሕፃን ታቅፋ በረሃ መግባቱ አስፈራትና ለፅጌረዳ ሰጠቻት። ፅጌረዳ ስምንት ዓመት በትዳር ኖራ አልወለደችም ነበር። የሰፈር ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ፅጌረዳ ጡቷን ማር ቀባች፣ ሕፃኗ ጠባች፣ «የጡት ልጅሽ ትሁን» ተብሎ ተመረቀ። እኔ ከዚህ የሚበልጥ ውል አለ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ላቀው ግን አንድ ተዝካር ላይ ታናሽ ወንድሙ ጠላው ሞቅ ሲያደርገው «ቤቱማ ነገ የኛ ነው፣ አንተ ልጅ የለህ» ካለው ወዲህ እንቅልፍ አጣ። ስለዚህ ሦስታችን ፍርድ ቤቱ በር ላይ ታይፑን ዘርግቶ ማመልከቻ ወደሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ ወደ ኑሪ ሄድን።

ኑሪ ነገር ማስረዳት ይችልበታል። «ጉዲፈቻ ውል ነው እናቴ» አለኝ። «አሳዳጊ ልጄ ትሁን ይላል፣ ወላጅ ትሁን ይላል፣ ምስክር ይፈርማል። ዳኛው ካላጸደቀው ግን ወረቀት ነው። ዳኛው ደግሞ ዞሮ ዞሮ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ለልጅቱ ይበጃታል ወይ?»

ላቀው ከቀበሌ ያወጣውን ደብዳቤ ሰጠው። ኑሪ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ዝቅ አድርጎ አነበበና ሳቀ። «እዚህ ላይ ከወይዘሮ ፅጌረዳ የተወለደች ይላል እኮ። ሰው የወለደውን ልጅ በጉዲፈቻ ሲወስድ ዛሬ ማየቴ ነው።»

ፅጌረዳና ላቀው ተያዩ። እኔ ታይፑን አየሁ።

ያስመዘገብኳት እኔ ነኝ። ያኔ በደርግ ጊዜ ከኅብረት ሱቅ ስኳር የሚሰጠው በቤተሰብ ቁጥር ነበር። ጸሐፊው ቅጹን ሲሞላ «ማን ወለዳት?» አለኝ፤ «ፅጌረዳ» አልኩት። ለስኳሩ ብቻ አልነበረም። አንዴ ከተጻፈች ማንም መጥቶ አይወስዳትም ብዬ ነው። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁና፣ የተጻፈ ነገር ምን ያህል እንደሚከበር አውቃለሁ።

ይህን ስነግረው ኑሪ መሳቁን ተወ። ዳኛው ደብዳቤውን ቢያይ ልጅቱን ከማን ወሰዳችኋት ብሎ መጠየቁ እንደማይቀር ነገረን። መጀመሪያ መዝገቡ ይታረማል። ከዚያ ወላጅ እናቷ ውሉን ትፈርማለች፤ ጉዲፈቻ በሚታይበት በሐሙስ ቀንም ዳኛው ፊት ቀርባ ቃሏን ትሰጣለች። አባትየው ልጄ ብሎ ያልተቀበላት ስለሆነ የእናትየዋ ቃል ይበቃል። እናትየዋ ከሌለች ግን ነገሩ ይንዛዛል፤ ልጅቱም ወዴት ትሂድ እንደምትባል ዋስትና አልሰጥም አለ።

«አሰብ የሄደች ሴት ከየት ትመጣለች?» አለ ላቀው።

ኑሪ ፊት ለመናገር አልደፈርኩም። እቤት ስንገባ ግን ነጠላዬን እንኳ ሳላወርድ ተናገርኩት። ቡዜ አሰብ አይደለችም። መንግሥት ሲለወጥ ከአሰብ ተፈናቃይ ጋር ተመልሳ፣ ጎፋ ጉሊት ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች። መጀመሪያ ካየኋት ዓመት ሆነኝ። ሳያት መንገድ እሻገራለሁ።

«እማዬ፣ ዓመት ሙሉ?» አለች ፅጌረዳ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ላቀው «ለካስ ጎፋን ትተው ለሽንኩርት ላፍቶ ድረስ በታክሲ የሚሄዱት ለዚህ ነው» ብሎ ጫማውን አወለቀ።

በማግስቱ ቀበሌ ሄጄ፣ ልጄ የሚሆን ጸሐፊ ፊት ቆሜ ዋሽቼ ነበር አልኩ። «እማማ፣ ስኳሩ ጣፈጠ?» አለኝ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። ምስክሮች አስቆጥሮኝ፣ አሮጌውን መዝገብ አስወርዶ፣ «የተወለደች» የሚለውን ሰርዞ «በአሳዳጊነት የያዟት» ብሎ ጻፈ። ያቺ ስረዛ ልቤ ላይ የተሰመረች መሰለኝ። በዚያች ሰዓት ልጅቱ በወረቀት የማንም አልነበረችም።

ጎፋ ብቻዬን ሄድኩ። ቡዜ ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ቲማቲሟን በአራት በአራት ደርድራ ተቀምጣለች። ከስታለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ ውብነሽ፣ ዛሬ መንገድ አልተሻገሩም?»

ለካስ ሁሌም ታየኝ ኖሯል። ቤታችንን ታውቀዋለች፣ ከጎፋ ነፋስ ስልክ ምን አላት፤ ግን አንድ ቀን በራችንን አላንኳኳችም። የመጣሁበትን ነገርኳት። ፍርድ ቤቱን፣ መዝገቡን፣ የስኳሩን ነገር ሳይቀር። ስጨርስ የተበላሸ ቲማቲም እየለየች «ባልፈርምስ?» አለች። አንዲት ገበያተኛ መጥታ ዋጋ ተከራከረቻት፣ ሸጠችላት፣ ከዚያ ሳታየኝ «ቅዳሜ እመጣለሁ» አለች። ልትፈርም ይሁን ልጇን ልትወስድ፣ አልነገረችኝም። እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ።

ምስጢርን ለጥቂት ቀን ዘመድ ቤት እናሳድራት ብዬ ላቀውን ለመንኩት። «እንደ ተሰረቀ ዕቃ አልደብቃትም» አለኝ። ልጅቱ ምኑንም አታውቅም፤ የቤት ሥራዋን ጭኔ ላይ ዘርግታ «እምዬ፣ በሩን ለምን ደጋግመሽ ታያለሽ?» ትለኛለች።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ኑሪ ታይፕ ያደረገውን ውልና የማኅተም ቀለም ይዞ መጣ። ጎረቤታችን አቶ መኩሪያ ለምስክርነት ተቀመጡ። ምስጢርን እስከ ምሳ እንድትጫወት ጎረቤት ላክናት። ቡዜ ንጹሕ ነጠላ ለብሳ ገባችና ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የልጅቱ ፎቶ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ወዲያ ወደዚያ አላየችም።

ኑሪ አነበበ። መሐሉ ላይ አስቆመችው። እንደገና አንብብልኝ አለች፤ አነበበላት።

«ፈቅጄ ሰጠሁ ነው ያልከው?»

«አዎ፣ ፈቅጄ።»

«ሐሙስ ዳኛው ፊትም ይህንኑ እላለሁ» አለች። ከዚያ ወደ ፅጌረዳ ዞረች። «አንድ ነገር ግን አለ። ነፍስ ስታውቅ ንገሯት። ከመንደር ሳትሰማ፣ ከናንተ አፍ። ጥላኝ ሄደች እንዳትል።»

ፅጌረዳን ቀደምኳት። «የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ የምነግራትም እኔ ነኝ» አልኩ። አቶ መኩሪያ «እኔም ሰምቻለሁ» አሉ።

ቡዜ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫነች። አንስታ ወረቀቱ ላይ አመጣችውና አየር ላይ አቆየችው። እኔ በሆዴ ማርያምን እየጠራሁ ነበር። ጣቷ ወረደ፤ ተጭኖ ቆየ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየ።

ይኼኔ በሩ ተበረገደ። ምስጢር ናት፣ ጨዋታው ሰልችቷት፣ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ። እንግዶች ስታይ እንዳስተማርናት ጎንበስ ብላ ሁሉንም በየተራ ሳመች። ቡዜ ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

«እትዬ፣ ጣትዎን ቀለም ነክቶታል።»

ማንም ሳያዛት ሄዳ ማስታጠቢያውንና ሳሙናውን ይዛ መጣች። እንግዳ ማስታጠብ የሷ ሥራ ነው። ቡዜ እጇን ዘረጋች። ልጅቱ ቀስ አድርጋ አፈሰሰች፤ ጠብታ ምንጣፉ ላይ እንዳይወድቅ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ብቅ አድርጋ። ቡዜ የምታየው ጣቷን አልነበረም። እኔ የዚያችን ሴት አፍ ነበር የምጠብቀው፤ አንዲት ቃል ብትወጣው ሰባት ዓመት ያጠርኩት አጥር ይፈርስ ነበር።

«እምዬ፣ አልለቅ አለ እኮ» አለችኝ ምስጢር። «በደንብ ይሹት እትዬ።»

ቡዜ እጇን ሳታደርቅ ወደ ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ተነሳች። በሩ ድረስ ተከተልኳት፤ ምሳ ደርሷል፣ ትንሽ ቆዪ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቷን ሳትመልስ፣ ቃል ሳትተነፍስ፣ ወጥታ ሄደች።