የግራው ተመላላሽ

የእህቴን ልጅ ሜዳ ላይ «ጥይቱ» ነው የሚሉት። ኳስ እግሩ ስር ከገባች ወደ ፊት ብቻ ነው የሚያውቀው። ለብሔራዊ ቡድን ሲመረጥ፣ እኔ ጫማ የምሰፋበት ማዕዘን ድረስ ሰው እየመጣ እንኳን ደስ ያለዎት ብሎኛል። እናቱ፣ ታናሽ እህቴ፣ ሰው ቤት ተመላላሽ ሠራተኛ ናት፤ ጠዋት ሄዳ ታጥባለች፣ ታበስላለች፣ አመሻሽ ላይ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በዚያው ነው ያሳደገችው። «ተመላላሽ» የምትለዋን ያዙልኝ፣ ልጆቼ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በዚህች ቃል ነው።

ከትልቁ ጨዋታ በፊት አሰልጣኙ ተጫዋቾቹን ምግብ አዳራሽ ሰብስቦ ጠረጴዛው ላይ የጠርሙስ ክዳን ደረደረ። ሦስት ተከላካይ፣ አምስት መሃል፣ ሁለት አጥቂ። ልጁ የራሱን ክዳን ከፊት ሲጠብቅ፣ አሰልጣኙ አንስቶ ግራ መስመር ላይ አኖራት።

«አንተ ተመላላሽ ነህ። ኳስ ስንይዝ ከአጥቂዎቹ ጋር ትሄዳለህ፣ ስንነጠቅ ተመልሰህ ከኋላ ትሰለፋለህ።»

«ጥይት ተተኩሶ ይመለሳል እንዴ፣ ጋሼ?»

«አንተ ትመለሳለህ።»

በረኛው ቀልደኛ ነው። «ተገላገልን፣ ተመላላሽ ተገኘ» አለ። «ግን እዚህ የማታድር ከሆነ ቁርሱን ማን ሊሠራልን ነው?»

ሁሉም ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ጆሮው ግን እሳት ሆነ። እናቱ ምን እንደምትሠራ አንዳቸውም አያውቁም። ለጠየቀው ሁሉ «ነጋዴ ናት» ነበር የሚለው።

በጨዋታው እስከ እረፍት እንደታዘዘው ሄደ፣ ተመለሰ። በተመለሰ ቁጥር በረኛው «ጎበዝ ተመላላሽ» ይለዋል፤ ሊያበረታታው ነው እኮ። ከእረፍት በኋላ፣ ባዶ ለባዶ እንዳሉ፣ ኳስ ተነጠቁ። ልጁ አልተመለሰም። ኳስ የሚጠብቅ አጥቂ መስሎ መሃል ሜዳው ላይ እጁን አንስቶ ቆመ። የእሱን ቦታ ሊሸፍን የመሃል ተከላካዩ ወደ ዳር ወጣ፤ መሃሉ ባዶ ቀረ፤ ኳሷ ተሻግራ መረብ ውስጥ ገባች። አሰልጣኙ ወዲያው ቀየረው። በዚያችው ጎል ተሸንፈን ከውድድሩ ወጣን።

በነጋታው አመሻሽ ላይ እናቱ ጋ መጣ፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። እህቴ ፊቱን ዳሰሰችና ውሃ አቀረበችለት።

«ትላንት እኮ የቤቱ እመቤት ከጓዳ ጠርተው ሶፋ ላይ አስቀመጡኝ» አለችው። «ቴሌቪዥኑ ‹የግራው ተመላላሽ› ብሎ ስምህን ሲጠራ፣ ‹እንደ እናቱ ነው› አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ሳቁ። እኔም ኮራሁ።»

ልጁ ብርጭቆውን በጣቱ ማዞር ጀመረ።

«ያኔ ለምን አልተመለስክም፣ የኔ ልጅ? ደክሞህ ነው አይደል?»

አዎ ማለት ይችል ነበር። እኔም በልቤ አዎ በላት እያልኩት ነበር።

«አልደከመኝም፣ እማዬ። ተመላላሽ በሚለው ስም አፍሬ ነው።»

እህቴ ብርጭቆውን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ውሃውን ገና አልቀመሰውም ነበር።

ጠዋት ማዕዘኔ ላይ ሆኜ አብረው ሲመጡ አየኋቸው። ቦርሳዋን የያዘላት እሱ ነው። ወደምትሠራበት ቤት የሚወስደው መንገድ እኔ አጠገብ ነው የሚታጠፈው። እዚያ ስትደርስ ቆማ ቦርሳዋን ተቀበለችው።

«እስከዚህ ይበቃሃል። ከዚህ ወዲያ የሚያውቁህ ሰዎች አሉ።»

ልትወቅሰው አልነበረም፤ ለምዳው ነው። ተማሪ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እዚህች ማዕዘን ስትደርስ ትታው ትሄድ ነበር። እሱ እናቱን የደበቀ መስሎት ኖሯል፤ እሷ ደግሞ እያወቀች ስትደበቅለት ኖራለች። ይህ የገባው ገና ያኔ ነው። ፊቱን ደግሜ ማየት አልቻልኩም፣ ወደምሰፋው ጫማ አጎነበስኩ።

«እስከ በሩ ልሸኝሽ» አለ።

«ሌላ ቀን ይሁን» ብላው ታጠፈች።

እሱ ግን አልሄደም። ደንበኞቼ የሚቀመጡባት በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። አላፊ አግዳሚው «ጥይቱ አይደለህም እንዴ? እዚህ ምን ትሠራለህ?» ይለዋል።

«እናቴን እየጠበቅኩ ነው። እዚያ ቤት ተመላላሽ ናት።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለሚናገር «ምን አልክ?» ይሉታል። ደግሞ ይናገራል፤ በደገመ ቁጥር ላብ ያጠምቀዋል። እሷ እስክትመለስ ድረስ ከዚያች በርጩማ አልተነሳም።