ወደ ኋላ የሄደው ተራ

አፑ የተበላሸ ጊዜ ማንም ከማንም አልተጣላም። ጠቡ የመጣው ካስተካከልኩት በኋላ ነው።

ሞጆ ላይ የከባድ መኪና ሾፌሮች ማኅበር አለ። ጭነት የሚደርሳቸው በተራ ነው፤ ተራውን የሚይዙት ደግሞ የስምሪት ኃላፊው ጋሽ ራህመቶ ናቸው። በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይተዋል። እኔ ሰብለወንጌል እባላለሁ፤ አዳማ ተቀምጬ ለማኅበሩ የተራ አፕ የሠራሁት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው አፕ ሾፌሩ ተራው ስንት እንደደረሰ ለማወቅ ዘግቶ መክፈት ነበረበት። ብዙዎቹ ጠዋት አንዴ ያዩና ቀኑን ሙሉ በዚያው ቁጥር ይውላሉ። ይሄ ያበሽቀኝ ነበር፤ ያረጀ ቁጥር የሚያሳይ ስክሪን ለእኔ ከውሸታም ሰው አይለይም። ሁለት ሳምንት ቁጭ ብዬ አስተካከልኩት። አሁን ስክሪኑ ቁጥሩን ራሱ ይከታተላል፤ ጋሽ ራህመቶ ቢሯቸው ሆነው አንዱን ተራ ሲነኩ፣ በስልሳ ሾፌር እጅ ላይ ያለው ቁጥር ወዲያው ይለወጣል። ኩራቴን አልደብቅም፤ ምንም ባይገባትም ለእህቴ ሳይቀር አሳይቻታለሁ።

በሦስተኛው ቀን ሙስዓብ የሚባል ሾፌር ደወለ። ስድስተኛ ነበርኩ፣ ሻዬን ሳልጨርስ ሰባተኛ ሆንኩ፣ አፕሽ ወደ ኋላ ይቆጥራል አለኝ። እስኪመሽ ድረስ እንደሱ ያለ ስልክ አሥር ጊዜ ተደወለልኝ። ኮዱን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት፤ ምንም የለበትም። የለውጦቹን መዝገብ ስከፍት ግን ተራውን የቀየሩት ጋሽ ራህመቶ ራሳቸው፣ በገዛ እጃቸው ናቸው።

በማግስቱ ሞጆ ሄድኩ። አልካዱኝም። የቸገረው ሾፌር ቢሮ ይገባል፣ በሩን ዘግቶ ችግሩን ይነግራቸዋል፣ እሳቸውም አመዛዝነው ያስቀድሙታል። ለቅሶ ይሆናል፣ ምጥ ይሆናል፣ አንዳንዴም ስሙ የማይነሳ በሽታ። ከፊቱ የነበሩት አንድ አንድ ቦታ ወደ ኋላ ይላሉ። ሲሠሩ የኖሩት እንዲህ ነው፤ ማንም አይቶት ስለማያውቅ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። አሁን ግን ስልሳ ሰው ቁጭ ብሎ ያየዋል። ዘመዶቻቸውን ያስቀድማሉ የሚል ወሬ ግቢውን ሞልቶታል፣ ሾፌሮቹም ቅዳሜ ተሰብስበው ከቦታቸው ሊያነሷቸው ነው።

አፈርኩ። የአንድ ትልቅ ሰው ስም እንዲጎድፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ። አፑ ላይ ከተራው ጎን የቀደመበት ምክንያት እንዲታይ ላድርግ፣ ሥራው ግማሽ ቀን አይፈጅም አልኳቸው።

"የነገሩኝ በር ዘግተው ነው፣ ልጄ፤" አሉ። "እኔ ብነሳ ይሻላል።"

ቤቴ ገብቼ መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጥኩት። አፑ ከተጀመረ ወዲህ ባሉት አራት ወራት የቀደሙት አርባ ሦስት ሰዎች ናቸው። በመጀመሪያው ወር ላይ የሙስዓብን ስም አገኘሁ፤ ከአሥራ አራተኛ ወደ አንደኛ። መጀመሪያ ደውሎ ያማረረው ሰው ራሱ ቀድሞ ኖሯል፤ ተናደድኩ። በነጋታው ለጋሽ ራህመቶ ደውዬ ብነግራቸው፣ ስሙን እንዳታነሺው፣ አደራ አሉኝ።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከሁሉ በላይ የጮኸው ሙስዓብ ነበር። ተራ ተራ ነው፣ ሰው መርጦ ማስቀደም ምን ይባላል አለ፤ ብዙዎች አጨበጨቡለት። ጋሽ ራህመቶ መልስ እንዲሰጡ ሲጠየቁ፣ የምለው የለኝም ብለው ተቀመጡ። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ተነሳሁ። እሳቸው ከፊት ወንበር ዞረው አዩኝ፣ ዓይናቸው ይለምነኝ ነበር። የሙስዓብ ስም አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

"በአራት ወር አርባ ሦስት ሰው ቀድሟል፤" አልኩ። "ስማቸው እዚህ ስልክ ውስጥ አለ፣ አላነበውም። ሁለቴ የተጻፈ ስም ግን አንድም የለም። የቀደመ ሰው ራሱን ያውቃል።"

ሁሉም ጎኑ ያለውን ሰው ላለማየት አቀርቅሮ ተቀመጠ። ሰብሳቢው፣ ይነሱ የምትሉ እጅ አውጡ ሲል፣ ከኋላ በኩል ሰባት ስምንት እጅ ወጣ። ሙስዓብ ገና እንደቆመ ነበር፤ እጁን አላወጣም፣ አልተቀመጠምም።

"እኔ አለሁበት፤" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። "ልጄ አርሲ ነገሌ ሐኪም ቤት የተኛች ቀን፣ ወደዚያ የሚሄድ ጭነት ሰጥተው ከአሥራ አራተኛ አንደኛ አደረጉኝ። አሥራ ሦስት ሰው አልፌ ሄድኩ። ያኔ ስክሪኑ አያሳይም ነበርና ማንም አልተቆጣኝም። አሥራ ሦስታችሁ ማን ማን እንደሆናችሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።"

የወጡት እጆች አንድ በአንድ ወረዱ።