ንጉሡ ሠ እና የመስኮት አስተዳዳሪው

በገበያ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ሰቆጣ ባለው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ውስጥ የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን፤ የሱቁ ባለቤት እትዬ ፋኢዛ፣ የልጃቸውን የሠርግ መጥሪያ ሊያስጽፉ የመጡት መሪጌታ ገብረ ኪዳን፣ እና ጸሐፊው እኔ ይርዳው።

ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው። አንድ ገጽ እስኪከፍት ደንበኛ ተነሥቶ ይሄድ ነበር። የእትዬ ፋኢዛ የወንድም ልጅ ሐይደር ከወልድያ ለዒድ ሲመጣ የነበረበትን የማስነሻ ሥርዓት አጥፍቶ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ጫነበት፤ ከዚያም ቀላል የመስኮት አስተዳዳሪ ጨመረበት። የመስኮት አስተዳዳሪ የምንከፍታቸውን ገጾች በስክሪኑ ላይ የሚደረድር ፕሮግራም ነው። ሐይደር የመረጠው ሥዕልም ጌጥም የለውም፤ በማውስ ፈንታ በቁልፍ ይታዘዛል። ኮምፒውተሩ ፈጠነ። እትዬ ፋኢዛ ግን ጥቁሩን ባዶ ስክሪን አይተው፣ «ዛሬ ካልሠራ ኮምፒውተሩን አንሥቼ ጠረጴዛው ላይ የሚሸጥ ጫማ እደረድራለሁ» አሉኝ። ጠረጴዛው ከተወሰደ እኔ ገጠር ተመልሼ ደሃና፣ አባቴ እርሻ ላይ ነኝ።

ሐይደር በጠዋት ሄዷል። መጻፍ ጀመርሁ። «የ» ብዬ «ሠ»ን ስነካ ገጹ ድርግም ብሎ ጠፋ።

«ምን ሆነ?» አሉ መሪጌታ።

ቁልፎቹን ስነካካ ገጹ ተመለሰ። «ሠ»ን ስጽፍ እንደገና ጠፋ።

«ንጉሡ ሠ ሲመጣ የሚሸሽ ምን ዓይነት ዕቃ ነው? ጠበል ይረጭበት እንዴ?»

«የኔታ፣ ጠበሉን ይተዉት፣ ይቃጠልብኛል» አሉ እትዬ ፋኢዛ እየሣቁ። ወደ እኔ ዞረው፣ «በዚያኛው ሰ ጻፈዋ! ማን ያየዋል?»

«እኔ አያለሁ!» አሉ መሪጌታ። «ልጄ አመተ ሥላሴ ናት። በእሳቱ ሰ የምድራት ልጅ የለችኝም።»

እኔም በእሳቱ ሰ ልጻፍ ብል እጄ እሺ አይለኝም። እትዬ ፋኢዛ የጫማ ካርቶን መጎተት ጀመሩ። ሰው ፊት ስልክ ማውራት አፍራለሁ፤ ቢሆንም ደወልሁ።

«ሐይደር፣ ሠን ስጽፍ ገጹ ይጠፋል።»

«ሠን በምንድን ነው የምትጽፈው?»

«‹አልት› የሚለውን ቁልፍ ይዤ ሁለት ቁጥርን ስጫን።»

ሣቀ። «አስተዳዳሪው እኮ ‹ወደ ሁለተኛው የስክሪን ክፍል ውሰደኝ› ያልኸው መስሎታል! ገጹ የትም አልሄደም፤ የሄድኸው አንተ ነህ። እኔ ደግሞ በእንግሊዝኛ ብቻ ሞክሬው ሄድሁ።»

የአስተዳዳሪውን ትእዛዞች የያዘውን ፋይል አስከፈተኝ። «ከላይ ‹ሞድ አንድ› ይላል፤ አልት ማለት ነው። አንዱን አራት አድርገው። ከእንግዲህ የመስኮት ሥዕል ባለበት ቁልፍ ይታዘዛል። አልትን ለንጉሥህ ተውለት።»

አንዱን አራት አድርጌ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። መሪጌታ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። «የሠርግ ጥሪ» ብዬ ጻፍሁ። ገጹ አልተነቃነቀም።

«በል ሥላሴን ጻፍ!» አሉ።

ጻፍሁ። እሱም ሳይጠፋ ቆመ። መሪጌታ የታተመውን መጥሪያ ሁለቴ አንብበው አንድም ፊደል ሳያርሙ ተቀበሉኝ።

በማግስቱ እትዬ ፋኢዛ ጫማዎቹን በበሩ በኩል ወለሉ ላይ ደረደሯቸው፤ እኔም ጠረጴዛዬ ላይ ሥራ ገባሁ።