ማንም ያላነበበው የሩዝ ጥናት

ፕዮን ሶዳምን ከምረቃ የለያት አንድ ማኅተም ብቻ ነበር። በኮሪያ ደቡባዊ ጠረፍ፣ የደረቀ ዓሣ ሽታ በመስኮት እየገባ ከተማሪው ጋር አብሮ በሚማርበት ዩኒቨርሲቲ፣ የማስተርስ ጽሑፍ የሚጸድቀው ሦስት መምህራን ስማቸው የተቀረጸበትን ማኅተም በቀይ ቀለም ነክረው ሲያሳርፉበት ነው። ሁለቱ አሳርፈዋል። ሦስተኛው፣ የሥነ ምግብ ትምህርት ክፍሉ አድራጊ ፈጣሪ ፕሮፌሰር ሜንግ፣ እስከ ዓርብ ካተሙላት ሶዳም በመስከረም የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምግብ ባለሙያ ትሆናለች። ካላተሙላት ሥራው ለተጠባባቂዋ ይሄድና እሷ እናቷ ዓሣ መሸጫ ውስጥ ሚዛን ስታይ ትኖራለች።

ፕሮፌሰር ሜንግ ደግሞ በማኅተም አይሰስቱም። ጽሑፉን ከኋላ በኩል ይከፍቱና ምስጋናውን ያነባሉ። ስማቸው መጀመሪያ ላይ ካለ ያትማሉ፣ በቃ። ሌላ ገጽ ሲያነቡ ያያቸው ተማሪ እስካሁን አልተወለደም። ስለዚህ ሁለተኛው ፈታኝ ያነበበ ለመምሰል ብሎ አንዲት ነገር ባይጭርባት ኖሮ ነገሩ ያለቀለት ነበር፦ «የሃም 1979 ጥናት ቅጂ በአባሪነት ይያያዝ።»

ይኼ የሃም ጥናት የትምህርት ክፍሉ ታቦት ነው። ለሦስት ዓመት ልጅ በአንድ ምሳ ሰማንያ ግራም ሩዝ እንደሚበቃው የሚናገረው እሱ ነው ይባላል። ፕሮፌሰር ሜንግ ከእሱ ተነሥተው አንድ ሰንጠረዥ ሠሩ፤ ሰንጠረዡም ይኸው ሃያ አምስት ዓመቱ፣ በከተማው ሕፃናት ማቆያ ወጥ ቤቶች ሁሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይኖራል። የሶዳም ጽሑፍ ራሱ ወጥ ቤቶቹ ሰንጠረዡን ምን ያህል እንደሚያከብሩት የሚመረምር ነው።

«እትዬ ዮንጁ፣ የሃም ጥናት ቅጂ አለሽ?» ብላ ጠየቀች ሶዳም። ዮንጁ የዶክትሬት ተማሪ ናት፤ ቤተ ሙከራው ውስጥ ከሜንግ ቀጥሎ የምትፈራው እሷ ናት።

«የዘር ሐረጉ ውስጥ አለልሽ አይደል እንዴ?»

የዘር ሐረግ የሚሉት ከአንጋፋ ወደ ታናሽ የሚወርደውን ፋይል ነው። የድሮ ፈተና ከነመልሱ፣ የዋቢ ዝርዝር ከነነጠላ ሰረዙ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሃል። ትገለብጣለህ እንጂ አትጠይቅም፤ ቅድመ አያቱን መታወቂያ የሚጠይቅ ማን አለ!

«ስሙ አለ። ጽሑፉ ነው የሌለው።»

«ስሙ ካለ ምን ጎደለብሽ ታዲያ?»

«አንቺ አንብበሽዋል?»

ዮንጁ ከኮምፒውተሯ ቀና አለች። «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ምን በልተሽ ነው የመጣሽው? እኔ ከበላዬ ከነበረችው ወሰድኩ፣ እሷም ከበላይዋ። ሃያ ሰባት ሰው ጠቅሶታል። ሃያ ሰባት ሰው ይዋሻል?»

ይዋሻል እንጂ! ሰው ተሰብስቦ ሲዋሽ እኮ ነው የሚያምርበት። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ያለው ሰው ይቺን ትምህርት ክፍል ሳያያት አይቀርም።

ሶዳም በስልኳ «የሕፃን ሩዝ መጠን» ብላ ፈለገች። መጀመሪያ የመጣላት የሕፃን ቁመት የሚጨምር ዱቄት ሻጭ ነው፤ ሁለተኛው የዱቄቱ ሻጭ ሚስት፤ ሦስተኛው ልጇ በዱቄቱ ምክንያት ቫዮሊን መጫወት የጀመረላት እናት። ቢቸግራት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ወረደች፣ ወደ እትዬ ኦክ።

እትዬ ኦክ ሠላሳ ዓመት እዚያው ጠረጴዛ ላይ የከረሙ፣ ምላሳቸው ከመርፌ የሰላ ሴት ናቸው። የሶዳምን ስልክ ተቀብለው አዩና መልሰው ሰጧት።

«ዱቄት የሚሸጥልሽ ሰው ስለ ምግብ የጻፈውን ጥናት ትይዋለሽ? ከገበያ ውጪና እዚህ ቁጭ በይ። የምሁራን መጽሔት የሚፈለገው በዚህኛው ነው። ምን ብለሽ ትፈልጊያለሽ?»

«የሕፃን ሩዝ መጠን።»

አርባ ስምንት ሺህ ውጤት መጣ። እትዬ ኦክ ሳቁ።

«ዓሣ ተራ ገብተሽ 'ዓሣ ስጡኝ' አልሽ። እናትሽ ይኼን ብትሰማ ምን ትልሻለች? ስሚ ልጄ፣ በዚያ ዘመን ሰው እንዳንቺ አይናገርም። 'መጠን' አይልም፣ 'የእህል ፍጆታ' ነው የሚለው። ሕፃናት ማቆያ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የደሴት ልጆች፣ የገበሬ ልጆች ነው የነበሩት። በነሱ አፍ ፈልጊ። ዓመቱን ጥበቢው። ደግሞ በሌሎች ምሁራን ሳይገመገም የታተመውን ከዝርዝሩ አውጪልኝ፣ ዓይኔን ያመኛል።»

እንዲህ እንዲህ እያሉ አርባ ስምንት ሺሁ አሥራ አንድ ሆነ። ከአሥራ አንዱ ሦስቱ ሃምን ጠቅሰዋል፤ ሦስቱም «ገጽ 212» ይላሉ፣ ልክ እንደ ሃያ ሰባቱ። ጽሑፉ ራሱ ግን የለም። መጽሔቱ ከተዘጋ አርባ ዓመት የሆነው የአንድ ግብርና ኮሌጅ ንብረት ነው፤ ወደ ኮምፒውተር የገለበጠውም የለም። እትዬ ኦክ ጥራዙ የሚገኝበትን ሩቅ ቤተ መጻሕፍት አፈላልገው አገኙና ገጽ 212 እስከ 219 እንዲላክ በውሰት ጠየቁ።

ሰኞ ዕለት ቅጂው መጣ። ሶዳም እዚያው ቆማ ማንበብ ጀመረች። አንደኛውን አንቀጽ ጨረሰች። እንደገና አነበበችው።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ ዶሮ ነው።»

«ምን?»

«የባሕር ዛጎል ዱቄት ለዕንቁላል ጣይ ዶሮዎች። ስምንቱም ገጽ ዶሮ ነው!»

እትዬ ኦክ መነጽራቸውን አውልቀው እስኪያለቅሱ ሳቁ። «ሃያ ሰባት የማስተርስ ምሩቅ ዶሮ ጠቅሶ ተመረቀ! ወይ ጉድ፣ ወይ ጉድ! በይ አሁን ገጽ አትለምኚ፤ የጥራዙን ማውጫ ለምኚ። ገጽ ይሳሳታል፣ ማውጫ ግን ቤቱን ያውቃል።»

ማውጫው በማግሥቱ መጣ፤ የሃም ጥናት ገጽ 241 ላይ ተቀምጧል። አንድ ሰው ድሮ ተሳስቶ ጻፈ፣ የቀረውም ከነስሕተቱ ወረሰው። ረቡዕ ጠዋት ጥናቱ ራሱ ደረሰ፤ ሃም የምትባል ሴት ደሴት ለደሴት በጀልባ እየዞረች፣ ሰማንያ ስድስት ልጆች ሲበሉ ሳህናቸውን እየመዘነች የጻፈችው። ሥራ ማለት ይኼ ነው። ሰማንያ ግራሙም አለ። ከሰንጠረዡ ሥር በደቃቅ ፊደል አንድ ማስታወሻ ነበር፦ «ሦስት ዓመት፦ በ1977 የተወለዱ። ሚዛኑ የተያዘው በመጋቢት 1979 ነው።»

ሶዳም አላስተዋለችውም ነበር። ያስተዋሉት እትዬ ኦክ ናቸው፤ ምክንያቱም ሰሞኑን ከተማው ሙሉ ስለ ዕድሜ ነው የሚያወራው።

«እኔ እኮ ከሁለት ሳምንት በኋላ አዲሱ የዕድሜ አቆጣጠር ሕግ ሲጸና ሃምሳ ሰባት መሆኔ ቀርቶ ሃምሳ አምስት እሆናለሁ» አሉ። «ገና ስወለድ አንድ ዓመት መቁጠራቸው፣ አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥርም ልደቴ ሳይደርስ መጨመራቸው ስሕተት መሆኑ አሁን ገባቸው። ታኅሣሥ መጨረሻ የተወለደ ሕፃን በሳምንቱ አዲስ ዓመት ሲገባ ሁለት ዓመት ሞላው ይባል ነበር፣ ጡት በአፉ እንደያዘ! ያንቺም ደሴተኞች...» ብለው ማስታወሻው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ሳቃቸው ጠፋ። «በሰባ ሰባት ተወልደው በሰባ ዘጠኝ መጋቢት ሦስት ዓመት? እነዚህ እኮ አብዛኞቹ ሁለት እንኳን አልሞላቸውም።»

ሶዳም በጣቷ ቆጠረች። ሕፃናት ማቆያዎቹ ሦስት ዓመት የሚሉት ሦስት ዓመት ሙሉ የኖረውን፣ የሚሮጠውን፣ ጥርስ ያለውን ልጅ ነው። ሜንግ የእናቱን ቀሚስ ይዞ የሚንገዳገደውን ልጅ ድርሻ ለእሱ ሰጡት፤ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው አሉ፤ የሩዝ አገር ልጅ ሩዝ ራበው።

ሶዳምም አንዷ ነበረች። እዚሁ ከተማ፣ ያ ሰንጠረዥ በተለጠፈበት ማቆያ ነው ያደገችው። አስተማሪዋ በየቀኑ ወደ ቤት በሚላከው ደብተር ላይ «ልጅዎ ሆዳም ናት፤ የጓደኞቿን ሳህን ትልሳለች» ብላ ጽፋ ነበር። እናቷ አፍራ ለሳምንት ገበያ ላይ ቀና ብላ አልሄደችም። ሶዳም ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ሁለተኛ ሳህን ጠይቃ አታውቅም። ከንዴቷ የተነሣ ንባብ ክፍሉ መሀል እንባዋ ወረደ፤ አላፈረችም።

ዮንጁ ነገሩን ስትሰማ በሩን ዘጋችው።

«ዝም አይነቅዝም፣ ሶዳም። ቅጂውን አያይዢ፣ ማኅተምሽን ተቀበዪ፣ ሥራሽን ያዢ። ከዚያ ከፈለግሽ ተራራ ወጥተሽ ጩኺ።»

«ጽሑፉ ውስጥ ላስገባው ነው።»

«አብደሻል!» አለች ዮንጁ። ትንሽ አሰበችና፣ «ምስጋናው ላይ ስማቸው መጀመሪያ ነው?»

«መጀመሪያ ነው።»

«በይ አስገቢው እንግዲህ። አይደርሱበትም።»

ሐሙስን ሙሉ ጻፈች። ገጽ 63 ላይ የሃምን ማስታወሻ፣ የልደት ዓመቱን፣ ስሌቱን፣ የሚገባውን የሩዝ መጠን አንድም ሳታስቀር አሰፈረችው። ዓርብ ጠዋት ፕሮፌሰር ሜንግ ቢሮ ገብታ በሁለት እጇ አቀረበች። ሜንግ ከኋላ ከፈቱት፣ ምስጋናውን አነበቡ፣ ፊታቸው በራ፤ ማኅተሙን ነክረው አሳረፉት።

«ጥሩ ሥራ ነው። እንኳን ደስ አለሽ።»

አንገቷን ሰብራ አመሰገነችና ወጣች። አለቀ። ሥራው የእሷ ነው፤ እናቷ ዛሬ ማታ ሱቋን ዘግታ ሥጋ ትጠብሳለች። ሶዳም እየሮጠች ወርዳ ጽሑፉን እትዬ ኦክ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

«አነበቡት?» አሉ እትዬ ኦክ።

«አተሙት!»

«እኔ እሱን አልጠየቅሁሽም።»

እትዬ ኦክ ተነሡ። ጽሑፉን አንሥተው መደርደሪያው ላይ፣ ከሃያ ሰባቱ ቀጥሎ አቆሙት፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ጥራዝ፣ ሁሉም አቧራ የጠገበ። ሶዳም አየችው። የሃም ጥናት አርባ አራት ዓመት ተኝቷል። የእሷስ ስንት ዓመት ይተኛል? እውነቱ ታትሟል፣ ማኅተም አለው፣ ማንም አያየውም፤ ከሁለት ሰዓት በኋላም ልጆቹ ምሳ ይቀርብላቸዋል። እትዬ ኦክን «ይቅርታ» አለችና ጽሑፉን ከመደርደሪያው መንጭቃ ወደ ላይ ወጣች። ደረጃው ላይ «ምን አገባሽ፣ አንቺ ጅል፣ ምን አገባሽ» እያለች ነበር።

«ፕሮፌሰር፣ ገጽ ስልሳ ሦስትን ያንብቡልኝ።»

«አትሜልሻለሁ እኮ።»

«ስላተሙልኝ ነው የመጣሁት።»

ሜንግ መነጽራቸውን ፈለጉ። ለማንበብ ብዙም ስለማያስፈልጋቸው መሳቢያ ውስጥ ነበር። አንዴ አነበቡ። ወደ ላይ ተመልሰው እንደገና አነበቡ።

«ሃምን አገኘሽው?»

«ገጽ ሁለት መቶ አርባ አንድ ላይ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ያለው ዶሮ ነው።»

«ዶሮ?»

«ዕንቁላል ጣይ ዶሮ፣ ፕሮፌሰር።»

ጆሯቸው ቀላ። «ሦስት ቀን ፈልጌው ነበር ያኔ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አጣሁት። ሰማንያ ግራም ያለኝን መምህሬን ማመን ቀለለኝ።» ከዚያ ማኅተሙ ያለበትን ገጽ በአውራ ጣታቸው ይዘው፣ «ይኼን ስልሳ ሦስትን ብታወጪው...»

«አላወጣውም።»

«ይኼን ገጽ ብቀድደው ሥራሽ የለም። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል። ፕሮፌሰር፣ እኔ በእርስዎ ሰንጠረዥ ነው ያደግሁት። ርቦኝ ነበር። ሆዳም አሉኝ።»

ሜንግ ማኅተሙን አዩት። አውራ ጣታቸው ገጹ ላይ ነበረች።

«የልጅ ልጅ አለኝ» አሉ። «ሦስት ዓመት ሞልቶታል። ማቆያ ነው የሚውለው። ትናንት ራት ላይ ከእኔ ሳህን ሩዝ ሲዘግን እጁን በማንኪያ መታሁት። ስግብግብ አልኩት፣ እናቱ ፊት።»

ገጹን ለቀቁት። ስልኩን አነሡና ለማቆያዎቹ ምሳ ኃላፊ ደወሉ። ድምፅ ማጉያው ላይ የአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ መጣ።

«የሦስት ዓመት ልጆች ድርሻ ከዛሬ ምሳ ጀምሮ ይስተካከል» አሉ ሜንግ። «ሰንጠረዡ ስሕተት ነው።»

«ፕሮፌሰር፣ ያለ ምንጭ ማሻሻያ አንቀበልም እኮ። ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት።»

«ያዢ እንግዲህ።»

«የጸሐፊው ስም?»

ሜንግ ሶዳምን አዩዋት፤ ከዚያ ሙሉ ስሟን ለማወቅ ጽሑፉን ወደ ሽፋኑ ገለበጡት።

«ፕዮን ሶዳም።»

«ዓመት?»

«ሁለት ሺህ ሃያ ሦስት።»

«ገጽ?»

«ስልሳ ሦስት።»

«የመጨረሻ ጥያቄ ነው ፕሮፌሰር፣ ቅጹ ላይ ስላለ ነው፤ ጽሑፉን ራስዎ አንብበውታል?»

ፕሮፌሰር ሜንግ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አዎ» አሉ። «ይኼኛውን አንብቤዋለሁ።»