በእሷ ፋንታ

"ያዢው፤ ከእንግዲህ የመቁረጫው ጠረጴዛ ያንቺ ነው፤" አሉ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ ትልቁን መቀስ ልጅቷ እጅ ላይ እያስቀመጡ።

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። እጀታው ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ በሌላ ሰው አውራ ጣት ልክ ጎድጉዷል። እኚያ ሰው አሁን በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቁልፍ ይተክላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆራጭ ስለነበሩ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም፤ ጋሼ መቀስ ናቸው። በዚያው ዕለት ጠዋት ግን ከሰፊዎቹ አንዷ "ጋሼ ቁልፍ ብንላቸው አይሻልም?" ብላ ሌሎቹን አስቃለች። እሳቸውም አብረው ሳቁ። መሳቅ ያቃታት ልጅቷ ብቻ ነበረች።

ነገሩ የመጣው ለቤተ ክርስቲያን መዘምራን ከታዘዘው የከፋይ ልብስ ነው። ከፋይ ጨርቅ ጸጉር አለው፤ እንደ ድመት ጀርባ ወደ አንድ ወገን ሲዳብሱት ይለሰልሳል፣ በተቃራኒው ሲዳብሱት ይቆማል። የጋሼ መቀስ ረዳት የነበረችው ልጅቷ ጨርቅ ልቆጥብ ብላ ለእጅጌዎቹ ጨርቁን ከላይ ወደ ታች ገልብጣ ዘረጋች፤ ብልሃቷም ደስ እያላት ቆረጠች። ልብሱ ተሰፍቶ ሲሰቀል እጅጌው ከደረቱ ጠቆረ፤ ከሌላ ጣቃ የመጣ መሰለ። እትዬ "ማነው የቆረጠው?" ሲሉ፣ እሷ አፏን ሳትከፍት ጋሼ መቀስ "እኔ ነኝ" አሉ። ልጅቷ ገና ለሙከራ የተቀጠረች መሆኗን፣ ቤት ውስጥም የታመመች እናቷ የእሷን እጅ ብቻ እንደምታይ ያውቃሉ። እሷ ግን ዓይናቸው ደክሟል ተብሎ መቀሱ ይወሰድባቸዋል፣ ለእሷም ይሰጣል ብላ አላሰበችም። ዝም አለች።

እሑድ ዕለት ሰባኪው ክርስቶስ በእኛ ፋንታ በደላችንን ተሸከመ ሲል ጉባኤው አሜን አለ። ልጅቷ ይህን ቃል ከልጅነቷ ጀምሮ ትወደው ነበር፤ ሲከፋት የሚያሳርፋት ቃል ነው። በዚያ ቀን ግን አሜን ማለት አቃታት። ሰው በሰው ፋንታ ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል አይታለች፤ በር ላይ፣ በርጩማ ላይ፣ መርፌና ክር ይዞ።

በማግስቱ ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ እሷ ቀርታ ጋሼ መቀስ አጠገብ ሄዳ ቁጢጥ አለች።

"ጋሼ፣ ለእትዬ ልነግራቸው ነው።"

"ምኑን?" ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። "ያለቀ ነገር ነው። ጌታ የኔን ሁሉ ሲሸከምልኝ መቼ ዝርዝር ጠየቀኝ? እኔም ያንቺን ትንሿን ብሸከም ምን አለበት?"

"ዓይንዎ ደክሟል እያሉ ነው እኮ።"

"ይበሉ። ዓይኔን ታስሬ ብቆርጥ ካንቺ እሻላለሁ።" ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀባቸው።

"ታዲያ ጌታ የተሸከመልን ዝም እንድንል ነው እንዴ?"

ጋሼ መቀስ ከሳጥኑ አንድ ቁልፍ አንስተው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "እናትሽስ?" አሉ።

ልጅቷ ተነስታ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ እትዬ አዲስ ከፋይ አመጡ። እጅጌዎቹን እንደገና እንድትቆርጥ ነገሯትና፣ "እንደ ሽማግሌው እንዳታበላሺው ብቻ፤" አሉ። ሽማግሌው ሰምተዋል፤ ቀና ግን አላሉም።

ልጅቷ ጨርቁን ዘርግታ በመዳፏ ዳበሰችው። ጸጉሩ በትክክል ወደ ታች ተኝቷል። መቀሱን ከፈተች፤ ምላጩ ጠርዙን ሲነካ እጇ ቆመ። አንዴ ከቆረጠች ጠረጴዛው የእሷ፣ ጥፋቱ የእሳቸው ሆኖ ይቀራል። ማታ በር ስትከፍት የሚቀበላት የእናቷ ፊት ትዝ አላት። መቀሱን ዘግታ ወደ በሩ ሄደች።

"ጋሼ፣ ይነሱልኝ።" እትዬ እንዲሰሙ ድምጿን ከፍ አደረገች። "ያን ቀን ጨርቁን የገለበጥኩት እኔ ነኝ።"

የስፌት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። እትዬ ከልብስ መለኪያው መስተዋት ዘወር ብለው አዩአት። ልጅቷ የሚሉትን አልጠበቀችም፤ የመቀሱን እጀታ ወደ ሽማግሌው አዙራ ዘረጋችላቸው፣ በሌላ እጇም የቁልፉን ሳጥን ከጭናቸው ላይ አነሳች።